የትም ፍጪው

«የትም ፍጪው፣ ዱቄቱን አምጪው» የሚለውን ተረት የማያውቅ ሰው ይኖራል ብዬ አልገምትም። አለቃ ሪፖርት ሲዘገይበት ይላታል። ነጋዴ ደላላውን ሲልክ ይላታል። እኔም ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ላዘገዩ ተማሪዎች ስንት ጊዜ እንዳልኳት አልቆጥረውም። (አንዳንዶቹ ቃል በቃል ወስደውት ከሰው ጽሑፍ ገልብጠው ይመጡ ነበር፤ ጥፋቱ የእኔም ነው።)

ቋንቋ አስተምራለሁ እያልኩ ያላየሁት ነገር ግን እዚያችው ተረት ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ተረቱ «ፍጨው» አይልም፤ «ፍጪው» ነው የሚለው። ታዛዧ ሴት ናት። አዛዡ ማን እንደሆነ አልተነገረም፤ መደብ ላይ ጋደም ብሎ እራቱን የሚጠብቅ ሰው ድምፅ ግን ይሰማኛል። ይህን ያሳየኝ መጽሐፍ አይደለም። ታላቅ እህቴ ናት፤ እሷም በስልክ ነው ያሳየችኝ። ወደዚያ እመጣለሁ። አስቀድሜ ግን ስለ ወፍጮው ላውጋችሁ።

የተወለድኩት ምዕራብ ጎጃም፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ መንደር ነው። ፍኖተ ሰላምን የዱሮ ሰዎች «ወጀት» ነበር የሚሏት፤ ያሁኑ ስሟ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1933 ዓ.ም. ከስደት በጎጃም በኩል ሲመለሱ ያወጡላት ነው። አገሩ ለም ነው። ጤፉ፣ ዳጉሳው፣ በቆሎው፣ በርበሬው፣ ምኑ ቅጡ። ብቻ ጥጋቡ የሚወራው አውድማ ላይ ነው። ከአውድማ እስከ መሶብ ያለው መንገድ በእናቴ ወገብ ላይ የሚያልፍ መሆኑን የሚያወራው አልነበረም።

ወፍጮው ከጓዳችን ጥግ፣ በጭቃ በተሠራ መደብ ላይ ወደ ፊት ዘመም ብሎ ተጋድሟል። መጁ በሁለት እጅ የሚያዝ፣ ሆዱ ተበልቶ ያለቀ ጥቁር ድንጋይ ነው። እናቴ (እምዬ ነበር የምንላት) ዶሮ ሳይጮህ ተነሥታ፣ መቀነቷን አጥብቃ፣ ታጎነብሳለች። መጀመሪያ ትሸረክተዋለች። ቀጥላ ታደቀዋለች። ከዚያ ታልመዋለች። አንድ እህል ሦስት ጊዜ በድንጋይ መካከል ያልፋል ማለት ነው። ዳጉሳ ደግሞ አመለኛ ነው፤ ፍሬው ደቃቅ ሆኖ ጠንካራ፣ ከመጁ ሥር እየተንሸራተተ የሚያመልጥ። የበቆሎውማ ባይነሣ ይሻላል። ወፍጮው ሲለሰልስ ደግሞ መውቀር አለ። በተወቀረ ማግስት የሚጋገረው እንጀራ ጥርስ ሥር ይንኮሻኮሻል፤ አባቴ ያኩርፋል፤ እምዬ ዝም ትላለች።

እኔ በዚያ የወፍጮ ድምፅ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ዛሬም ሳስበው ደስ የሚል ድምፅ ሆኖ ነው የሚመጣልኝ፤ ዝናብ ሣር ክዳን ላይ ሲወርድ እንደሚሰማው ዓይነት። እህቴ ግን በዚያ ድምፅ ነበር የምትነሣው፤ እምዬ ሲደክማት የምትተካት እሷ ነበረችና። እኔን ትምህርት ቤት ሲያስገቡኝ እሷ 10 ዓመት ቢሆናት ነው። ወፍጮ ላይ ቀረች። «ለምን?» ያለ ሰው አላስታውስም። እኔም አላልኩም።

ከማንኩሳ ብዙ አንርቅም። አዎ፣ የበዛብህ ማንኩሳ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ለዓመታት አስተምሬዋለሁ። የገጸ ባሕርያቱን አሳሳል፣ የባላባቱን ሥርዓት፣ የትረካውን አንጻር እየመነዘርኩ ፈተና አውጥቼበታለሁ። እዚያ ሁሉ ቤት ውስጥ የሚበላው እንጀራ ዱቄቱ ከየት መጣ የሚል ጥያቄ ግን በአንዱም ፈተና ላይ አልነበረም። የአገሬ ልጅ ሆኜ፣ ከዚያ ጓዳ ወጥቼ፣ አልታየኝም።

የጎጃም ልጅ «ባቡር» ሲባል ሐዲድ አይታየውም። ባቡር ማለት እህል የሚፈጭ ሞተር ነው፤ «ባቡር ቤት» ደግሞ ወፍጮ ቤት። የቃሉ ዘር እንፋሎት ከሚለው የፈረንጅ ቃል ተነሥቶ በቱርክና በዐረብ በኩል ዞሮ የመጣ ነው፤ በእንፋሎት የሚሠራ ሁሉ ባቡር ተባለ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ቴርዚያን የተባለው አርመናዊ ያስመጣው የመንገድ መዳመጫ እንኳ «የሰርኪስ ባቡር» ነው ስሙ። ሦስተኛ ክፍል ሳለን መምህራችን «ባቡር ሰው ያመላልሳል» ቢለን ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሰው ባቡር ውስጥ ገብቶ ምን ሆኖ ሊወጣ ነው?

ያኔ ባቡር ያለው ፍኖተ ሰላም ነበር። በአህያ ጭኖ ማለዳ ተነሥቶ፣ ወረፋ ጠብቆ፣ ከቀና ማታ መመለስ፣ ካልቀና እዚያው ማደር። ስለዚህ ሠርግ ወይም ተዝካር ያለበት ካልሆነ ማንም አይሄድም። በ1974 ዓ.ም. ግን የገበሬ ማኅበራቱ የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበር ከእኛ ቤት የሰላሳ ደቂቃ መንገድ ላይ በቆርቆሮ ቤት የናፍጣ ሞተር ተከለ። ሊስተር ነበር። በበርሜል ውኃ የሚቀዘቅዝ፣ በእጅ ማዞሪያ ብረት የሚነሣ፣ ሲነሣ ምድሩን የሚያንቀጠቅጥ። ጢስ ማውጫው አፍ ላይ ባዶ ጣሳ ተደፍቶበት ስለነበር «ኩክ ኩክ ኩክ» የሚለው ድምፁ ከሸለቆው ማዶ ይሰማል። ያ ድምፅ ካለ ባቡሩ ዛሬ ይሠራል ማለት ነው። አህያ ጫን!

የመጀመሪያ ቀን ከእምዬ ጋር ሄጄ ነበር። ዱቄቱ ትኩስ ሆኖ ሲወጣ አሮጊቶቹ አማተቡ። እህል ያለ እሳት ምን ቢነካው ነው የሚግለው? ሊጡ አይቦካም፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም ተባለ። እምዬ ግን እጇን እስከ ክርኗ ዱቄቱ ውስጥ ከታ ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ፣ «ይሙቅ። ምን ቸገረኝ» አለች።

ባቡሩን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ቡሬ ጋራዥ ቤት ሲላላክ ሞተር የለመደ ጎልማሳ ነበር። «ባለ ባቡሩ» እንለው ነበር፤ ባቡሩ ግን የእሱ አልነበረም፤ የወር ደመወዝተኛ ነው። ቅንድቡም ሽፋሽፍቱም ነጭ። ልጆች በማታ ስናየው እንሮጣለን። ከቀኝ እጁ ሁለት ጣቶቹን ቺንጋው ወስዶበታል። ከሞተሩ ጋር ሲጯጯህ ስለሚውል ለቅሶ ቤት ገብቶም ድምፁን ዝቅ ማድረግ አይችልም፤ «እግዜር ያጽናችሁ» ሲል ሐዘንተኛው ይደነግጣል።

ወፍጮ ቤት የሚፈርደው ፍርድ ከአጥቢያ ዳኛ አይተናነስም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ድንጋዩ ከቀደመው ሰው እህል ትንሽ ያስቀራል። ነጭ ጤፍ ያመጣች ሴት ዳጉሳ ካስፈጨች ሴት ቀጥላ መግባት አትፈልግም፤ ዱቄቷ ይጠቁራላ። ድንጋዩ በተወቀረበት ማግስት ደግሞ ቀዳሚ መሆን የሚፈልግ የለም፤ አሸዋውን የሚበላው እሱ ነው። ስለዚህ ሌላ ቀን በወረፋ የሚጣላው ሁሉ ያን ቀን «እርስዎ ይቅደሙ፣ እርስዎ ይቅደሙ» እየተባባለ ትሕትና በትሕትና ይሆናል። ይህን ሁሉ የሚዳኘው ባለ ባቡሩ ነው፤ ሲፈርድም ሊታማ ነው። አንድ ቁና ገብቶ የወጣው ጎደል ያለ ከመሰለ «ባቡሩ በላው» ይባላል፤ ባቡር ሲባል ሰውየው ማለት ነው። የባለ ባቡር ዶሮ እንደ በግ ጮማ ታወጣለች የሚል ሐሜትም ነበር። በርበሬ የሚፈጭ ዕለት ብቻ ሐሜት የለም፤ ሁሉም ያነጥሳል።

ያ ዘመን የውይይት ክበብ ዘመን ነው። ማርክስ የእጅ ወፍጮን ከባላባት ሥርዓት፣ የእንፋሎት ወፍጮን ከከበርቴ ሥርዓት ጋር አያይዞ የጻፈውን በኋላ ዩኒቨርሲቲ ሳነበው ብቻዬን ሳቅሁ። የእኛ የናፍጣ ወፍጮ ያመጣልን ባላባትም ከበርቴም አይደለም፤ ኮሚቴ ነው። ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ቁጥጥር። ደረሰኝ ሲቆረጥ አራቱም አሉ፤ ናፍጣ ሲያልቅ አንዳቸውም የሉም። ናፍጣ ሊያመጣ ጄሪካን አሸክሞ ፍኖተ ሰላም የሚሄደው ያው ባለ ባቡሩ ነው።

ቢሆንም ልዋሽ አልችልም፤ እህቴ ፊደል የቆጠረችው በዚያ ባቡር ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር ሴቱም ወንዱም ይማር ተብሎ ነበር። እኛ መንደር ሴቶቹ ስማቸው ይመዘገባል እንጂ አይመጡም፤ ማታ ተምሮ ሌሊት መፍጨት ከሥጋ በላይ ነው። ባቡሩ ከመጣ በኋላ የመጣው ዙር ላይ ግን እህቴ ኩራዝ ይዛ ሄደች። 15 ዓመቷ ነበር። እስከ ትዳሯ ባሉት ጥቂት ወራት ውስጥ ስሟን፣ ቁጥርንና ደብዳቤ ማንበብን ያዘች። ሥርዓቱን ልታመሰግኑ ትችላላችሁ፣ ልትረግሙም ትችላላችሁ፤ እኔ ግን ሊስተሩን አስቀድማለሁ።

በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ታወጀ፤ በ1983 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ተለወጠ። በመካከሉ የማኅበር የተባለ ንብረት ሁሉ ባለቤት አጣ። የእኛ ባቡር ቤት በሁለት ሌሊት ነው ያለቀው። መጀመሪያ ቆርቆሮው፣ ቀጥሎ ቺንጋው፣ በመጨረሻ ሞተሩ ተፈታቶ። ማን ወሰደው? ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይናገርም። የቀሩት ሁለቱ ክብ ድንጋዮች ናቸው፤ ለመሸከም ከብደው። ለእረፍት አገር ቤት ስሄድ እምዬን እንደገና ጓዳ ውስጥ አጎንብሳ አገኘኋት። ስምንት ዓመት ያህል ቀና ብሎ የቆየ ወገብ እንደገና ሲታጠፍ ከዱሮው ይብሳል። ባለ ባቡሩ የገዛ በሬዎቹን ሸጦ፣ ተበድሮ፣ አሮጌ ሞተር ገዝቶ እነዚያኑ ድንጋዮች መልሶ እስኪያስነሣቸው ድረስ ሁለት ክረምት አለፈ። በዚህ ጊዜ ነው በእውነት ባለ ባቡር የሆነው። ዕዳውን ስንት ዓመት እንደከፈለ እሱ ያውቃል።

አሁን ወደ ራሴ ኃጢአት ልምጣ። በ1989 ዓ.ም. ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ የመረጥኩት ርዕስ የወፍጮ እንጉርጉሮ ነበር። ቴፕ ተሸክሜ፣ ካሴት ቆጥሬ፣ አገሬ ገባሁ። ሴቶች ሲፈጩ የሚያዜሙት ቃል ግጥም ከወፍጮው ጋር እየጠፋ ነው፤ ዘመናዊነት የሴቷን ድምፅ ዋጠው፤ እንዲህ እንዲያ የሚል መግቢያ ቀድሜ ጽፌ ነበር። እምዬን አስቀምጬ «በይ እስቲ ያን የወፍጮውን» አልኳት።

«ያለ ወፍጮ አይመጣልኝም» አለች።

«ታዲያ ትንሽ ፍጪያ፣ ለቴፑ ያህል።»

አየችኝ። ተነሥታ አንድ ጭብጥ ጤፍ ጣል አድርጋ መጁን ያዘች፤ አጎነበሰች። ሁለት ሦስት ጊዜ ገፋ አደረገችና ቆመች። «ባቡር የመጣ ለት ረሳሁት፤ እግዜር ይስጠው» ብላ ወጣች። ካሴቱ ላይ ያለው የድንጋይ ድምፅና የእሷ ትንፋሽ ብቻ ነው። ጽሑፌን ከሌሎች ሴቶች በቀረጽኩት ሞላሁትና ጥሩ ውጤት አገኘሁበት።

ከ2000 ዓመት ገደማ በፊት አንቲፓትሮስ የሚባል የግሪክ ገጣሚ ነበር። የውኃ ወፍጮ ሲመጣ የጻፈው ግጥም ፈጪ ሴቶችን ከእንግዲህ ዶሮ ቢጮህም ተኙ የሚል ነው። ማርክስም «ካፒታል» ውስጥ ጠቅሶታል። እኔ ይህን አንብቤ፣ አስተምሬ፣ ሄጄ ግን የጻፍኩት ልቅሶ ነው። ሰውየው ሴቶቹ በመተኛታቸው ደስ አለው። እኔ ዘፈኑ በመቆሙ አዘንኩ።

ዘመኑ ሄደ። በ1998 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የገጠር ኤሌክትሪክ ማዳረስ ሥራ ቆይቶም ቢሆን ከእኛ ዘንድ ደረሰና አስፋልቱ ዳር የመብራት ወፍጮ ተተከለ። ንጹሕ፣ ፈጣን፣ ሚዛን ያለው። «ኩክ ኩክ» የለም። በዚያው ሰሞን የአገሩ ሰው ቢኤች 660 በሚሉት ምርጥ ዘር በቆሎውን በኩንታል ያፍስ ጀመር። በእጅ ወፍጮ ዘመን ያን ያህል በቆሎ ማን ይፈጨው ነበር? ስለ ምርጥ ዘሩና ስለ ማዳበሪያው ሲወራ እሰማለሁ፤ ወፍጮውን የሚያነሣ ግን አይገጥመኝም።

(ስለ ነፋስም አንድ ነገር ልበል። «ዶን ኪኾቴ»ን ሳስተምር ተማሪዎቼ ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁኝ የነፋስ ወፍጮ ምን እንደሚመስል ነበር። እውነታቸውን ነው፤ እኛ ነፋስን የምናውቀው አውድማ ላይ ነው፤ ያበጥርልናል እንጂ አይፈጭልንም። በ1960ዎቹ ሚሲዮናውያን ኦሞ ወንዝ ዳር የተከሏቸው ባለ ሸራ የነፋስ መሣሪያዎችም ለመስኖ ውኃ ሲስቡ ነው የኖሩት። አሁን ግን 51 ሜጋ ዋት ያለው አዳማ አንድ፣ 153 ሜጋ ዋት ያለው አዳማ ሁለት፣ አሸጎዳ አሉ። ሁሉም የሚገቡት አንድ የመብራት መረብ ውስጥ ነው። እንግዲህ ነፋስ በሽቦ መጥቶ ጎጃም ውስጥ ጤፍ ይፈጫል ብል ውሸታም አልባልም።)

ባለ ባቡሩን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት በሩ ላይ ተቀምጦ ነው። ሞተሩ ዝጎ፣ ቆርቆሮው ላይ ዱባ ወጥቶበት ነበር። የዱቄቱ ብናኝ ሳንባው ውስጥ ገብቶ ሲተነፍስ እንደ ወናፍ ይላል። «ጋሼ፣ እንዴት ነዎት?» አልኩት። «ምን?» አለ፤ ደገምኩለት። «አንተ የማስተማሩ ልጅ አይደለህም?» ብሎ ጮኸብኝ። «የኔን ነገር ጻፍልኝ፤ አንዲት ፍሬ አልሰረቅሁም!» የዚያኑ ዓመት አረፈ። ይኸው ጻፍኩለት።

እምዬ በ2009 ዓ.ም. አረፈች። ከተዝካሩ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ልመለስ ስል ጓዳ ገብቼ መጁን ይዤ ወጣሁ። «ምን ያደርግልሃል?» አለች እህቴ። «ለማስታወሻ» አልኳት። ሳሎኔ ውስጥ ከመጻሕፍቱ መካከል አስቀመጥኩት። እንግዳ ሲመጣ አሳያለሁ፤ እጇ ያረፈበት ቦታ እንዴት እንደ ጎደጎደ እያስነካሁ አወራለሁ። ፈረንጅ የሆነ አንድ ወዳጄ ፎቶ አንሥቶታል።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከዚያ ወዲህ ስለሆነው ነገር የምታውቁትን መድገም አልፈልግም። መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ስልክም እንደዚያው። በ2016 ዓ.ም. ክረምት አንድ ማታ የእህቴ ስልክ ገባ። ደኅንነቱን ከተጠያየቅን በኋላ፦

«መብራት ከጠፋ ወር አለፈው» አለች። «ናፍጣም የለ። እህል አለ፤ ዱቄት የለም።»

«ታዲያ እንዴት ሆናችሁ?»

«የእምዬን ወፍጮ አውጥተናል። ልጆቹን ላስለምዳቸው ብዬ። መጅ የለውም እንጂ።»

ዝም አልኩ።

«አንተ ወስደኸው የለ?» አለች። ቁጣ አልነበረባትም፤ እንዲያው እቃ የት እንዳለ እንደሚጠይቅ ሰው ነው የጠየቀችኝ። ከጎረቤት መጅ በተራ እየተዋሱ፣ ተራቸው ሌሊት ሲደርስ ሌሊት እየተነሡ እንደሚፈጩ ነገረችኝ። የልጇ ልጅ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ትምህርቱም ተዘግቶ ስለነበር እሷ ታግዛለች።

ምን እንደምል ጠፋኝ። ሰው ሲያፍር ቀልድ ይቀናዋል መሰለኝ፣ «እንግዲህ እቴ፣ የትም ፍጪው ይባል የለ» አልኳት።

«አዎ፣ ፍጪው» አለች። «ፍጨውማ ማን ይላል? አንተ መጽሐፍ ላይ ታስቀምጠዋለህ።»

መስመሩ ተቋረጠ።

መንገድ እስኪከፈት ጠበቅሁ። ሲከፈት መጁን በጆንያ ጠቅልዬ መናኸሪያ ወሰድኩት። የአውቶቡሱ ረዳት አንሥቶ መዘነውና «ጋሼ፣ ድንጋይ ነው እንዴ?» አለኝ። ነው አልኩት። «ጎጃም ድንጋይ ጠፋ?» ብሎ እየሳቀ የጭነት ሒሳብ ጠየቀኝ፤ ከፈልኩት። ከሳምንት በኋላ እህቴ ደወለች።

«ደረሰ» አለች። «ግን መብራት ከመጣ 15 ቀን ሆኖታል።»

«ታዲያ ልመልሰው?»

«ተወው» አለች። «ይቀመጥ። አይታወቅም።»